የአያትን ስም ትርጉምና መነሻ እንዴት መፈለግ ይቻላል

አማርኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ለአዲስ ተማሪዎቼ የምሰጠው የመጀመሪያ የቤት ሥራ አይለወጥም ነበር። «የአያታችሁን ስም ማን እንዳወጣውና ለምን እንዳወጣው ጠይቃችሁ ኑ» እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ይዘውልኝ የሚመጡት የቃሉን ፍቺ ነው። «ካሳ ማለት ለጠፋ ነገር የሚሰጥ ምትክ ነው» ብሎ የጻፈ ልጅ ስለ ቃሉ ያለው ልክ ነው፤ ስለ አያቱ ግን ገና ምንም አላወቀም። ምን ጠፍቶ ነበር? ከእሳቸው በፊት ማን ሞቶ ነበር? ካሳ ብሎ የሰየማቸው አባታቸው ናቸው ወይስ አያታቸው? አብዛኛው የአገራችን ስም በልደቱ ሰሞን ቤት ውስጥ ለሆነ ነገር የተሰጠ መልስ ነው። ስለዚህ ፈላጊው ሁለት ሥራ አለበት፤ ቃሉን መፍታትና ሰው መጠየቅ። አንዱን ይዞ ሌላውን የተወ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

የትኛውን ስም እንደምትፈልጉ ለዩ

አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ አለው ብላችሁ አትነሡ። የመታወቂያ ስም አለ። እናት ወይም አያት የምታቆላምጥበት የቤት ስም አለ። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ደግሞ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ የሚሰጥ የክርስትና ስም አለ። እቴጌ ጣይቱ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ናቸው፤ ንግሥት ዘውዲቱ አስካለ ማርያም፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሣህለ ማርያም። የክርስትና ስም ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ብዙ ስለማይነገር የልጅ ልጆች ጨርሶ ሳይሰሙት ሊያድጉ ይችላሉ። የንስሐ አባት ወይም የክርስትና እናት በሕይወት ካሉ መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ።

ይህ ስም ለፍለጋው ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ ጊዜ የሚወሰደው በልደቱ ወይም በጥምቀቱ ቀን አካባቢ ከሚውለው በዓል ነው። ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ ተክለ ሃይማኖት በ24፣ መድኃኔ ዓለም በ27 ይውላሉ። የአያታችሁ የልደት ቀን የትም ካልተጻፈ የክርስትና ስማቸው ቀኑን ሊጠቁማችሁ ይችላል። ወሩን ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የመጠሪያ ስማቸው ይነግራችኋል። ጽጌ የምትባል ሴት ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር መግቢያ ባለው በወርኃ ጽጌ የተወለደች ልትሆን ትችላለች፤ ልደቱ፣ መስቀሉ፣ ፋሲካ፣ ሰንበቱ የሚሉ ስሞችም ቀናቸውን ተሸክመው ነው የሚዞሩት። ፍንጭ ግን ፍንጭ ነው፤ ጽጌ አክስቷን ለማስታወስ የተሰየመችም ልትሆን ትችላለች።

በጦርና በሹመት ቤት ደግሞ ሰው በፈረሱ የሚጠራበት የፈረስ ስም አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። የጅማው አባ ጅፋርም በሕዝብ አፍ የጸናው የፈረስ ስማቸው ነው። እንግዲህ በሐረጋችሁ ውስጥ በ«አባ» የሚጀምር ስም ካገኛችሁ መነኩሴ ነበሩ ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ፈረስ ነበራቸው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ፊደሉንና ድምፁን አጥሩ

በግዕዝ መሐረ በሐመሩ ሐ ሲጻፍ ራራ፣ ምሕረት አደረገ ማለት ነው፤ መሀረ በሃሌታው ሀ ሲጻፍ አስተማረ ማለት ነው። ስለዚህ መሐሪ ይቅር ባይ፣ መሀሪ አስተማሪ ነው። ዛሬ ሁለቱንም ሰው እንዳመቸው ይጽፋቸዋል፤ የመታወቂያ ጸሐፊም የቀናውን ፊደል ይነካል። ሰአለ ለመነ፣ ሠዐለ ሥዕል ሣለ የሚለውም እንዲሁ ነው። በመሆኑም የቅርብ ጊዜ ወረቀት አይብቃችሁ። ቤት ውስጥ የቆየ የዳዊት መጽሐፍ ካለ ባዶ ገጾቹንና የሽፋኑን ውስጠኛ ክፍል ተመልከቱ፤ ብዙ አባቶች የልጆቻቸውን ልደት የጻፉት እዚያ ላይ ነው። የጋብቻ ውል፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ የመቃብር ድንጋይም ይጠቅማሉ። የድሮ ጸሐፊም ፊደል ያቀያይራልና ሁለት ሦስት ጽሑፍ ማስተያየት ይሻላል።

ጽሑፍ የማይነግረን አንድ ነገር አለ፤ መጥበቅና መላላት። እንዳለ የሚለውን ስም «ለ»ን አጥብቃችሁ ስታነቡት አለ፣ ኖረ ከሚለው የመጣ ነው፤ አላልታችሁ ስታነቡት እንደ ተናገረ ማለት ይሆናል፤ እግዚአብሔር እንዳለ፣ እንደ ቃሉ። ሁለት የተለያዩ ስሞች በአንድ አጻጻፍ ተደብቀዋል። ይህን የሚፈታው ጆሮ ብቻ ነው። ስሙን የምታውቅ አሮጊት ልጁን ከደጅ እንደምትጠራ አድርጋ ጮክ ብላ እንድትጠራው ለምኗት። ቀስ ብላ ስታስረዳ የምታስተካክለውን ድምፅ ስትጣራ እንደ ነበረው ታወጣዋለች።

ቀጥሎ ስሙን ከመጋጠሚያው ፍቱት። አማርኛ ሁለት ቃል ሲጋጠሙ የመጀመሪያውን መጨረሻና የሁለተኛውን መነሻ ያዋህዳል፤ አንዳንዴም አንዱን አናባቢ ይውጠዋል። ዓለም አየሁ ዓለማየሁ፣ ስንት አየሁ ስንታየሁ፣ እጅግ አየሁ እጅጋየሁ፣ ማን አለብህ ማናለብህ ሆነዋል። ሽፈራው ሺ ፈራው ነው፤ ሺህ ሰው የፈራው ማለት። የሺመቤት የሺህ ሰው እመቤት ናት። ትርጉሙ አልታይ ያላችሁን ስም ቀስ ብላችሁ እየቆራረጣችሁ አንብቡት፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተኝቷል።

ማን ለማን ተናገረው?

ከሁሉ በላይ የምወደውና ተማሪዎቼንም ብዙ ያለማመድኋቸው ጥያቄ ይህ ነው። የአማርኛ ስም አብዛኛውን ጊዜ ንግግር ነው። ንግግር ደግሞ ተናጋሪና ሰሚ አለው። የግሡን መጨረሻ ካያችሁ ሁለቱንም ታገኟቸዋላችሁ።

ወርቅነህ፣ በላይነህ፣ ሙሉነህ፣ ድንቅነሽ፣ ብዙነሽ ሲባል የሚናገረው ወላጅ፣ የሚሰማው ሕፃኑ ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን ቅሪተ አካል ድንቅነሽ ስንላት በሚሊዮን ዓመታት የምትርቀንን ፍጡር ልክ አራስ ቤት እንዳለች ሕፃን ፊት ለፊት እያነጋገርናት ነው። ጥላሁን፣ ካሳሁን፣ ፋንታሁን ደግሞ ለሕፃኑ የተሰጡ ትእዛዞች ናቸው፤ ገና በጨቅላነቱ የቤተሰብ ሥራ ተቀብሏል።

ዓለማየሁ፣ ስንታየሁ፣ እጅጋየሁ ውስጥ ልጁ የለም። ያየሁ የሚለው ወላጁ ነው። ስንታየሁ የምትባል ሴት ሕይወቷን ሙሉ ስሟ ስለ ራሷ የተነገረ ቢመስላትም፣ ያ ሁሉ የታየው እሷ ከመወለዷ በፊት በእናቷ ወይም በአባቷ ላይ ነው። ስለዚህ ስንታየሁን ስትጠይቁ «በእርስዎ ላይ ምን ደረሰ?» አይባልም፤ «እናትዎ ምን አይተው ነበር?» ነው የሚባለው። ጌታቸው፣ አስናቀች፣ ተዋበች፣ ይበልጣል ደግሞ ስለ ልጁ ለሌላ ሰው የተነገሩ ናቸው። ምንትዋብ፣ የዐፄ በካፋ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብን አስቡ፣ ምን ያህል ታምር ብሎ የተደነቀ ሰው ቃል ነው።

ተመስገን ሰሚው እግዚአብሔር ነው። ጠብቀው የሚለውም ወደ ላይ የሄደ ልመና ነው።

ከዚያ ለጎረቤት፣ ለባላንጣና ለዘመድ የተላኩት አሉ። አትንኩት። ማንደፍሮ። ማንያዘዋል። ማናለብህ። ምናሉ። ተዋቸው። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ይባላልና አባትየው በሸንጎ መናገር ያልቻለውን በልጁ ስም ይናገረዋል፤ ጎረቤቱም ልጁን በጠራ ቁጥር ያንን መልእክት በገዛ አፉ ይደግመዋል። እንዲህ ያለ ስም ሲገጥማችሁ ጠብ ፈልጉ። የርስት ክርክር፣ የውርስ ቅሬታ፣ የተከለከለ ጋብቻ፣ ሹመት የተነጠቀበት ዓመት።

አንድ ተማሪዬ የአያቱ ስም ታዘበው እንደሆነ ነግሮኝ ፍቺውን «አስተውሎ ያየ» ብሎ ጽፎ አመጣ። ተመልሶ ታላቅ አክስቱን እንዲጠይቅ ላክሁት። «እትዬ፣ አያቴን ታዘበው ያላቸው ማን ነው?» ብሎ ጀመረ እንጂ ትርጉሙን አልጠየቀም። አክስቱም የልጁ ቅድመ አያት ከገዛ ወንድማቸው ጋር በርስት ተካሰው እንደነበር፣ አብሮ አደጋቸው የሆነ ጎረቤት በሐሰት መስክሮ እንዳስረታቸው፣ ልጁ በዚያው ሳምንት እንደተወለደ አጫወቱት። ስሙ ለእግዚአብሔር የተሰጠ አቤቱታ ነበር፤ አንተ ታዘበው፣ ይህን ሰው ተመልከተው። ቃሉ እንደ ተራ ያለፈ ጊዜ ግሥም፣ እንደ ትእዛዝም ሊነበብ ይችላል፤ አጻጻፉ አንድ ነው፤ አነባበቡም አንድ ነው። ሰዋስው ሁለቱን በሮች ከፍቶ ያሳየናል። በየትኛው እንደ ተገባ የሚያውቁት እትዬ ብቻ ነበሩ።

ከሐዘን በኋላ የመጡ ስሞች

ካሳ፣ ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተተካ፣ ፋንታ፣ ፈንታዬ፣ ማስረሻ፣ አስረሳኸኝ፣ ተረፈ፣ ኑርልኝ። እነዚህን ስታገኙ ከፊታቸው አንድ ያልተጻፈ ስም አለ ብላችሁ ተነሡ። ሕፃናት በብዛት ይሞቱ በነበረበት ዘመን እነዚህ ስሞች በየመንደሩ ነበሩ። በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ካሳ ኃይሉ ናቸው፤ በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው የነገሡት ካሳ ምርጫ ናቸው። በ17 ዓመት ልዩነት ዙፋን ላይ የወጡ ሁለት ነገሥታት አንድ የልጅነት ስም ነበራቸው።

እናቴ ማስረሻ ትባል ነበር። የአያቴ ታናሽ ወንድም በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ወደ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም፤ እናቴ በተከታዩ ዓመት ተወለደች። ይህን የነገረችኝ እናቴ አይደለችም፤ እሷ ስሟን ስለ ሞተ እኅት ወይም ወንድም ይመስላት ነበር። የነገረችኝ የአያቴ እኅት ናት፤ የዘማቹን ስምና ሲሄድ ለብሶት የነበረውን ጋቢ ጭምር ታስታውስ ነበር። የስሙ ባለቤት ሲወለድ ስላላየ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የተነገረውን ያህል ነው። በቤቱ ውስጥ በዚያን ጊዜ ነፍስ ያወቀ ሰው ፈልጉ፤ ታላቅ እኅት፣ አክስት፣ የጎረቤት ሴት።

ስለ እነዚህ ስሞች ስትጠይቁ ተጠንቀቁ። ልጅ ያጣች እናት ፊት «ማን ሞቶ ነው?» አይባልም። «እማማ፣ ከእሱ በፊት የተወለደ ነበር?» በሉና ዝም በሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ስትሰሙ ብዕር አትያዙ፤ ቤት ስትገቡ ትጽፉታላችሁ።

የግዕዝ ጥንድ ስሞች

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው ቃሉን በአማርኛ ስለሚሰማው ነው። ሀብተ ሥላሴ ሲል ንብረት ይመስለዋል፤ በግዕዝ ግን ሀብት ወሀበ፣ ማለትም ሰጠ፣ ከሚለው ወጥቶ ስጦታ ማለት ነው። አመተ ማርያም ከዓመት ጋር አይገናኝም፤ አመት ሴት አገልጋይ ናት። ገብረ ወንድ አገልጋይ ነው፤ ወልደ ልጅ፣ ወለተ ሴት ልጅ፣ እኅተ እኅት፣ ኃይለ ኃይል፣ ተክለ ተክል፣ ሣህለ ይቅርታ፣ ዘርዐ ዘር፣ ጽጌ አበባ፣ ዐምደ ምሰሶ፣ አስካለ የወይን ዘለላ። ከኋላ የሚመጣው የጌታ፣ የእመቤታችን፣ የመልአክ ወይም የጻድቅ ስም ባለቤቱ ነው፤ ገብረ መስቀል የመስቀል አገልጋይ ይሆናል። የጥንት ነገሥታት ስም ደግሞ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይገኛል። ይኩኖ አምላክ አምላክ ይሁነው፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ክርስቶስ ይምራን፤ ነአኵቶ ለአብ አብን እናመስግነው።

እነዚህ ስሞች በቤት ይታጠፋሉ። ገብሬ፣ ወልዴ፣ ተክሌ፣ ኃይሌ፣ ሣህሉ፣ ሀብቴ፣ ኪዳኔ የሚሉት ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ግማሻቸው የወደቀባቸው ናቸው። አያታችሁ ገብሬ ከሆኑ የማን ገብር እንደሆኑ ጠይቁ፤ መልሱ የክርስትና ስማቸውን፣ አንዳንዴም የመንደሩን ታቦት ይሰጣችኋል። መዝገብ ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ገብረ ማርያም የሚለውን ጥንድ ስም ሁለት ቦታ ከፍሎ ገብረን የልጅ፣ ማርያምን የአባት ስም ያደረገ ወረቀት አይቻለሁ። በቤተሰቡ ውስጥ ማርያም የተባለ አባት ፈልጋችሁ እንዳትደክሙ።

ከሌላ ቋንቋ የመጣን ስም በአማርኛ አትፍቱ

ስሙ አማርኛ ካልሆነ የአማርኛ ቃል አይፈልጉለትም። ቶሎሳ ከፍጥነት ጋር ምንም የለውም፤ ኦሮምኛ ነው፣ ሥሩም መልካም መሆን የሚለው ነው፤ ቶላም ከዚያው ነው። ጫላና ጫልቱ መብለጥን፣ ኢብሳ ብርሃንን፣ ገመቹ ደስታን ይናገራሉ። በ1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ አስተውላችሁት እንደሆነ ድርብ ለምለም ስም አለው፤ አበበ በአማርኛ አበባ አወጣ፣ ቢቂላ በኦሮምኛ በቀለ። በትግርኛ ሐጎስ ደስታ ነው፤ ለተብርሃን፣ ለተኪዳን በሚሉ የሴት ስሞች መነሻ ላይ ያለው «ለተ» የግዕዙ ወለተ ነው። የላሊበላ ስም በትውፊት ከንቦች ጋር ይያያዛል፤ ይህንንም የሚፈቱት ወደ አገውኛ ሄደው ነው።

ከመጽሐፍ ቅዱስና ከስንክሳር የመጡትን በመጨረሻቸው ትለዩአቸዋላችሁ። በ«ኤል» የሚያልቁት ዕብራይስጥ ናቸው፤ ኤል አምላክ ነው፤ ሚካኤል እንደ አምላክ ያለ ማን ነው፣ ዳንኤል አምላክ ፈራጄ ነው፣ ናትናኤል አምላክ ሰጠ። በ«ስ» የሚያልቁት አብዛኞቹ በግሪክኛ በኩል አልፈው የመጡ ናቸው፤ ጊዮርጊስ ገበሬ፣ እስጢፋኖስ አክሊል፣ ጴጥሮስ ዓለት፣ ቴዎድሮስ የእግዚአብሔር ስጦታ። ዮሐንስ ሥሩ ዕብራይስጥ፣ መጨረሻው ግሪክኛ ነው። ናትናኤል፣ ቴዎድሮስና ሀብተ እግዚአብሔር እንግዲህ በሦስት ቋንቋ የተነገረ አንድ ምስጋና ናቸው ማለት ይቻላል።

የዐረብኛውም መንገድ ከግዕዙ ጋር ይመሳሰላል። አብዱ አገልጋይ ነውና አብደላ ከገብረ እግዚአብሔር ጋር አንድ አሠራር አለው። መሐመድና አሕመድ ከአንድ ሥር፣ ከምስጋና የወጡ ናቸው። ኑሩ ብርሃን፣ አሚና ታማኝ። ወሎ ውስጥ ሐረግ የምትቆጥሩ ከሆነ የሙስሊምና የክርስቲያን ስም በአንድ መስመር ተፈራርቀው ቢመጡ አይግረማችሁ፤ ሼኩንም ቄሱንም ጠይቁ።

የአባት ስም የሚነግረውና የማይነግረው

የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም። በየትውልዱ ይለወጣል፤ ሴትም ስታገባ የባሏን አትወስድም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንደሚኖረው ደንግጎ ነበር፤ በኑሯችን ግን ቦታ አላገኘም። ስለዚህ የአባታችሁን ስም ይዛችሁ የዘር መነሻ አገኛለሁ ብላችሁ አትነሡ፤ የምታገኙት አንድ ሰው ነው። እሱን ይዛችሁ ወደ አባቱ፣ ከዚያም ወደ አያቱ ትወጣላችሁ። ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ባሉበት አካባቢ ይህ ቀላል ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነውና ማዘጋጃ ቤት ባለበት ከተማ ካልተወለዱ በቀር ለአያቶቻችሁ የልደት መዝገብ አትጠብቁ።

ሰባቱን ስሞች ከላይ ወደ ታች ስትደረድሯቸው ነጠላ ስም የማያሳየው ይታያል። የኦሮምኛ ስሞች በአማርኛ ሲተኩ፣ ሃይማኖት ሲለወጥ፣ ግራዝማች፣ ባላምባራስ፣ አለቃ፣ ሐጂ የሚል ማዕረግ ከስም ጋር ተጣብቆ ሲቀር መቼ እንደሆነ በትውልድ ታውቃላችሁ። እናቶች ግን በዚህ መስመር ላይ የሉም። ለእያንዳንዱ አባት ጎን «እናታቸውስ?» ብላችሁ ካልጠየቃችሁ ግማሹ ቤተሰብ ሳይጻፍ ያልፋል፤ ይህ ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ነገር ነው።

የልጅንና የአባትን ስም አንድ ላይ ማንበብንም አትርሱ። ብዙ አባቶች የልጃቸውን ስም ከራሳቸው ጋር ገጥሞ እንዲነበብ አድርገው ነው የሚያወጡት። አባት ይበልጣል፣ ልጅ ፍቅር ከሆኑ ፍቅር ይበልጣል ይላል። ለብቻው ሲታይ ተራ የሚመስል ስም ከአባቱ ጋር ሲነበብ ሐሳቡ ሊሞላ ይችላል።

አጠያየቅና አመዘጋገብ

«ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁት ሽማግሌ የሚያውቀውን ቃል ይተረጉምላችኋል፤ ታሪኩ እዚያው ይቀራል። «ስሙን ማን አወጣው?» በሉ። «የዚያን ዓመት ምን ሆኖ ነበር?» «ከእሱ በፊት በዚህ ስም የተጠራ ዘመድ አለ?» «ቤት ውስጥስ ማን ይሉት ነበር?» እነዚህ አራቱ ይበቃሉ። ዓመተ ምሕረት ለማያስታውሱ ሰዎች ከሚያስታውሱት ነገር ጋር አያይዙላቸው፤ ጣሊያን ሲገባ፣ ንጉሡ ሲወርዱ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ። አብዮት ወይም ነጻነት የሚባል ሰው ስሙ ራሱ ዘመኑን ሊጠቁም ይችላል፤ ማን እንዳወጣለት ግን እሱንም ጠይቁት።

ሁለት ሰዎች የማይስማማ ታሪክ ቢነግሯችሁ አንዱን አትሰርዙ። እኔ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም ከነተናጋሪው እጽፋለሁ። ከደብተሬ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «አትንኩት። የአባቴ አጎት። በአክስቴ አነጋገር ስሙን ያወጡት አባታቸው ናቸው፤ ከምስለኔው ጋር ተጣልተው ነበር። በባለቤታቸው አነጋገር ያወጡት አያታቸው ናቸው፤ ሕፃኑ ሲወለድ በጣም ደካማ ስለነበር እንግዳ እንዳያቅፈው የተባለ ነው። የቤት ስም፦ ጎሹ። የክርስትና ስም፦ ገብረ ሚካኤል። ጠብቆ ወይም ላልቶ የሚለወጥ የለም።»

ቀኑን፣ የተናጋሪውን ስምና ዝምድና ከሥሩ ጻፉ። ልጆች ካሏችሁ የእነሱንም ስም ያወጣው ማን እንደሆነና ምክንያቱን በዚያው ደብተር ቀጥሉበት፤ እስካሁን የሚያውቀው ሰው አጠገባችሁ ነውና ይህኛው ገጽ በአንድ ምሽት ያልቃል።